የልጅቷ እራት

ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ያለው ጎልማሳ የተፈጨ ስጋ በፌስታል ይዟል። አጠገቡ የተቀመጡትን ትልቅ ሴት፦

«እማማ፣ ፓስታ በስጋ እንዴት ነው የሚሠራው?» አላቸው።

«ሚስት የለህም እንዴ?»

«ተለያይተናል። ዛሬ ልጄ እኔ ጋር ታድራለች። እኔ ስታሰር እሷ ገና ጡት ትጠባ ነበር። አሁን ፓስታ ትወዳለች አሉኝ።»

ሴትየዋ ፌስታሉን አየት አደረጉ።

«ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላው። ስጋውን ጨምርና ውሃው እስኪደርቅ አማስል። ከዚያ ቲማቲም።»

«በርበሬስ?»

«ተው፣ ልጅ ናት! ፓስታውን ለብቻው ቀቅለህ ትደባልቀዋለህ።»

«ባትበላልኝስ?»

«አብረሃት ብላ። ቁጭ ብለህ አትያት፤ ታፍራለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። የት ነው የሚወርዱት?»

«ቃሊቲ ነበር፤ አልፈነዋል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሺ ልጄ?»

የእኔም መውረጃ ደርሶ ነበር፣ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።