ሰባቱ የዘይት ቆርቆሮዎች

(ረፋድ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፤ እማማ ደብሪቱ ወደ ወረኢሉ ሊመለሱ ሻንጣቸውን ማዕድ ቤቱ በር ላይ አቁመዋል፣ የልጃቸው ባል ሲራክ ደግሞ የሻንጣውን እጀታ ይዞ አልለቅም ብሏል።)

ሲራክ፦ ይተዉ እንጂ እማማ። ለዘይት ቆርቆሮ ተብሎ ቤት ተለቆ ይኬዳል?

ደብሪቱ፦ ልቀቅ፣ መኪና ያመልጠኛል።

ሲራክ፦ ምን ሞልተውበት ነው እንዲህ የከበደው? ዝገት ለበላው ቆርቆሮ እኮ ነው ይሄ ሁሉ።

ደብሪቱ፦ ዝገቱን አየህ፣ ውስጡ ያለውን ጤና አዳም ግን አላየህም። በሶብላውንም አላየህም። ከወረኢሉ ድረስ ጭኔ ላይ አቅፌ ያመጣሁት ነው። ትናንት ከቤተስኪያን ስመለስ ቆራሌው አፈሩን ደረጃ ሥር ዘርግፎ ሰባቱንም ቆርቆሮ ጆንያ ውስጥ ሲከት ደረስኩ። ማን ሰጠህ ብለው አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ አለኝ።

ሲራክ፦ መደርደሪያው እንዲያምር ብዬ ነው። ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ዛሬ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። በትንሽ ወጪ አካባቢን የሚጠብቅ ማዕድ ቤት የሚለው ውድድር። እኛን ጨምሮ አምስት ቤት ብቻ ነው የቀረው፣ መሥሪያ ቤቴ በሙሉ ያውቃል።

ደብሪቱ፦ በትንሽ ወጪ አልክ? ሃያ አፈ ሰፊ ባለ ክዳን ጠርሙስ ገዝተህ ገባህ፣ ምስር የሚገዛ ግን ጠፋ።

ሲራክ፦ ፕላስቲክ አካባቢ ይበክላል እማማ።

ደብሪቱ፦ የጣልክብኝ የእርጎ ባልዲዬ ስንት ዓመት ሽሮ ሲቀመጥበት ማንን በከለ? የሚበክለውስ አሁን ነው፣ የት ወድቆ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ማማሰያዬንስ ምን አደረግኸው?

ሲራክ፦ ጫፉ አሯል። በቀርከሃ ተካሁት።

ደብሪቱ፦ እንጨት ጥለህ እንጨት ገዛህ። ለመሆኑ እነዚያ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ያሠለጠኑህ ሰዎች ምን ያጠጧችሁ ነበር?

ሲራክ፦ ውሃ ነዋ።

ደብሪቱ፦ በምን?

ሲራክ፦ በፕላስቲክ።

ደብሪቱ፦ ጎሽ። ጥሩ ተምረህ መጥተሃል።

ሲራክ፦ እሺ ይሳቁብኝ። ግን ዛሬን ይቆዩልኝ። ፋንታነሽ ከሥራ ስትመለስ ምን እላታለሁ?

ደብሪቱ፦ እናትሽን ከቆርቆሮው ጋር ጠርጌ አወጣኋት በላት። አራስ ልጠይቅ መጥቼ አይሄዱም ብላችሁ ያስቀራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ሦስት ዓመት እዚህ ጓዳ ስንጎዳጎድ አንድ ቀን ምን ልርዳዎት አላልከኝም። ዕቃዬን ስታወጣም አላማከርከኝም። ከፋኝ ሲራክ። በጣም ነው የከፋኝ።

ሲራክ፦ አጥፍቻለሁ እማማ። ግን ሰዎቹ የሚያዩት ነገር አለ፣ ያለ እርስዎ ማሳየት አልችልም።

ደብሪቱ፦ ጠርሙስህን አሳያቸዋ።

ሲራክ፦ እሱም ግማሹ የለም፣ ከጠዋት ጀምሮ ብፈልግ አጣሁት። ደግሞ ፎርሙ ላይ የሞላሁት ሌላ ነው።

ደብሪቱ፦ ምን ብለህ ሞላህ? አንብብልኝ።

ሲራክ፦ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?

ደብሪቱ፦ አንብብ፣ ካልሆነ ልቀቀኝ።

ሲራክ፦ «የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ከአፈር ጋር በቆርቆሮ ይበሰብሳል። ምስር የታጠበበትን ውሃ ተክል ይጠጣል። ሽንብራ ሳይዘፈዘፍ አይቀቀልም፣ ድስትም ሳይከደን አይጣድም። ያገለገለ ዕቃ አይጣልም።»

ደብሪቱ፦ የመጨረሻውን ድገመው።

ሲራክ፦ ያገለገለ ዕቃ አይጣልም።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ። እኔ ሳደርገው «ይሄ ግሳንግስ ምን ያደርግልዎታል» ነበር የምትለው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው ያማረህ?

ሲራክ፦ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ደብሪቱ፦ ይሄን ሁሉ የሚሠራው ማነው ይላል ወረቀቱ?

ሲራክ፦ ስም የሚሞላበት ቦታ አለው።

ደብሪቱ፦ የማን ስም ሞላህ?

ሲራክ፦ የኔን።

ደብሪቱ፦ አንተ ሽንብራ ዘፍዝፈህ ታውቃለህ?

ሲራክ፦ አላውቅም።

ደብሪቱ፦ ሻንጣውን ክፈተው። ቀስ በል፣ እንዳታጋድመው።

ሲራክ፦ እማማ፣ ይሄ የኔ ጠርሙስ አይደል እንዴ?

ደብሪቱ፦ ጤና አዳሙስ የማን ነው? ከደረጃ ሥር ለቃቅሜ መትከያ ሳጣ ጠርሙስህ ውስጥ ተከልኩት። ገና አሁን ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ዳነ።

ሲራክ፦ በሩ ተንኳኳ። እነሱ ናቸው እማማ። ምን ላድርግ?

ደብሪቱ፦ ጠርሙሶቹን መስኮቱ ላይ ደርድር፣ ሻንጣውን ወደ ክፍሌ መልስ፣ ከዚያ ክፈትላቸው። ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚሠራው ብለው ሲጠይቁህ አጠገብህ ቆሜ መልስህን እሰማለሁ።