በአንገቱ የተንጠለጠለው ማህተም

በደርግ ጊዜ ነው። ከአዋሳ ፒያሳ ወደ ቱላ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ አሁንም አሁንም ደረትህን የምትዳብሰው አሞህ ነው?»

«አይ እማማ፣ የቀበሌ ማህተም ነው። ጸሐፊ ነኝ።»

«ማህተም በአንገት?»

«የድሮው ጠፍቶ ጉድ ፈልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓድ ሊቀመንበር ‹ከአንገትህ እንዳይወርድ!› አሉኝ። ይኸው ለቅሶ ስሄድም ይዤው ነው።»

«የየትኛው ቀበሌ?»

ነገራቸው።

«በል ተው! እኔ ከጠዋት ጀምሮ በራችሁ ላይ ተገትሬ ‹ማህተሙ ወጥቷል› የተባልኩት ባንተ ነው?»

«ምን ፈልገው ነበር?»

«የነጻ ሕክምና ወረቀት። ያለ እሱ አናስገባም ብለዋት ልጄ ሆስፒታል በር ላይ ተኝታለች፤ እኔም ገንዘብ ልበደር ቱላ መሄዴ ነው። ፊርማው አለ፤ በል ምታልኝ!»

«ቀለሙ እኔ ጋ የለማ፣ እማማ።»

«የት ሄደ?»

«ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንዳያትም ብለው ማህተሙንና ቀለሙን ለያዩ።»

«እሳቸውስ የት ናቸው?»

«ስብሰባ።»

«እንግዲያው እፍ በልበት፣ ይርጠብ! የትናንቱ ቀለም ትንሽ አይጠፋውም።»

«ቢታወቅ እኮ እታሰራለሁ።»

«እሷ ብትሞትስ?»

ወጣቱ ግራ ቀኙን አየና ክሩን ከሸሚዙ ውስጥ ሳበ።

«ወረቀቱን ጉልበትዎ ላይ ይዘርጉት።»

«ቶሎ በል፣ ቱላ ደረስን!»

ማህተሙን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ሳይታወቀኝ አብሬው እፍ አልኩ።