ሞተሩን አልብሰን፣ ነጂውን አራቁተን

የቦርሳዬ ዚፕ ባይበላሽ ኖሮ ይህን ታሪክ ባላወቅሁት ነበር። ከሥራ ስወጣ ላስቀይረው ወደ ልብስ ሰፊው ጎራ አልኩ፤ እሱም የጀመረው ሥራ ስለነበረበት በረንዳው ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ። በረንዳውን የሚጋራው ጎረቤት ሱቅ የሞተረኛ ዕቃ ይሸጣል፤ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ሰንሰለት፣ በሩ ላይ ደግሞ በመስቀያ የተደረደሩ ጂንስ ሱሪዎች። ከሱሪዎቹ ሥር አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ቆመው ይከራከሩ ነበር።

ሽማግሌውን ወዲያው ለየኋቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፍሬን» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው ከማንም ጋር ሳይጋጩ ጡረታ ስለወጡ የወጣላቸው ስም ነው፤ ሲጠሩበትም ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን የማውቃቸው በሌላ ነው። ነርስ ነኝ፤ በጤና ጣቢያ ቁስል ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት የወንድማቸውን ልጅ ደግፈው ያመላልሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ወጣቱ በሞተር ለፋርማሲዎች መድኃኒት ሲያደርስ መታጠፊያ ላይ አሸዋ አንሸራቶት ወደቀ። ፍጥነት አልነበረውም፣ መኪናም አልገጨውም። ነገር ግን የለበሰው ተራ ጂንስ ሱሪ ተተርትሮ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ቆዳው ተገፈፈ፤ የጉልበቱ ቁስል መገጣጠሚያው ድረስ ዘልቆ አመረቀዘ። ቁስሉ ዳነ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም።

አብራቸው የቆመችው ታናሽ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው ካረፉ በኋላ ሁለቱንም ያሳደጓቸው ጋሽ ፍሬን ናቸው። ልጅቷ ከቴክኒክ ኮሌጅ በጨርቃ ጨርቅ ተመርቃ በሙያዋ ሥራ እስክታገኝ ድረስ መንጃ ፈቃድ አውጥታ የወንድሟን ሞተር ልትረከብ ነው።

ሰላምታ ተለዋወጥን። አጎትየው ባርኔጣቸውን አነሳ አድርገው፣ «ሲስተር፣ እንኳን አገኘንዎ። እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ፤ አንድ ወፍራም ጂንስም አሳዩኝ። «ይህን ይዳብሱት። የድንኳን ሸራ ነው የሚመስለው። ዋጋውም ለእኛ አቅም የሚሆን ነው። እሷ ግን አይሆንም ትላለች።»

«ጋሼ፣ ውፍረቱ አያታልልዎት» አለች ልጅቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጥጥ ያው ጥጥ ነው። አስፋልት ላይ ሲጎተት ወፍራሙ ከቀጭኑ በዓይን ጥቅሻ ቢዘገይ ነው።»

«እኔ ያን ሁሉ ዘመን የነዳሁት በተራ ሱሪ ነው። የጠበቀኝ ጥንቃቄ እንጂ ጨርቅ አይደለም።»

«እርስዎ የነዱት አውቶቡስ ነው፤ ዙሪያዎን ቆርቆሮ ለብሰው ነበር። የሞተረኛ ቆርቆሮው ልብሱ ነው።»

ባለሱቁ ከውስጥ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ሰው ከተጻፈለት አያልፍም። የወንድምሽም ነገር እንደዚያው ነው። የመጣ መጣ።»

«እንደዚያ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ፍሬን የሚፈትሹት ለምን ነበር?»

ልጅቷ ዓይኗን በአክብሮት መሬት ላይ ጥላለች፤ ክርክሯን ግን ከያዘችበት አልለቀቀችም። የተማረ ልጅ ከታላቁ ጋር ሲሟገት እንዲህ ቢሆን ስንት ቤት በሰላም ባደረ ነበር።

ባለሱቁ ነገሩን ለማብረድ ብሎ ሌላ ሱሪ አወጣ። በኪሱ ላይ የሞተር ሥዕል ተሰፍቶበታል፣ ጉልበቱ ላይም ቆዳ መሳይ ነገር ተለጥፎበታል። «ይህማ የሞተረኛ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያኛው ነው» አለ። ልጅቷ ተቀብላ የላይ ገጽታውን ሳትመለከት ገለበጠችው።

«ይዩት ጋሼ። ውስጡ ባዶ ነው። ገበር የለውም፣ የጉልበት መከላከያ የሚገባበት ኪስ የለውም፣ ስፌቱም ነጠላ ነው። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚተረተረው ስፌቱ ነው። ይህ ሥዕል የለበሰ ተራ ሱሪ ነው።»

ባለሱቁ ቀጥሎ ያወጣው ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ጠንካራ ቢጫ ገበር ያለው ነበር። አጎትየው ዋጋውን ሲሰሙ እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጅቷም መልሳ ሰቀለችው። «እሱ ከአቅማችን በላይ ነው፤ አልዋሽዎትም። እኔ የምፈልገው መካከለኛውን ነው» ብላ ከጥግ አንድ ቀላ ያለ ቡናማ ሱሪ ጎትታ አወጣች። የአምናው ስሪት ስለሆነ፣ ቀለሙንም የሚወደው ስለጠፋ ዋጋው ተቀንሷል።

«ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ቀለም ነው? የዛገ ቆርቆሮ!»

«አስፋልቱ ቀለም አይመርጥም ጋሼ። ገበሩን ይዩ፤ መቀመጫው፣ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ አለ። ሰው ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚያገኘው እዚያ ነው። ስፌቱ ድርብ ነው። የጉልበት መከላከያው አብሮት ይሸጣል። ለዳሌው ኪስ አለው፤ የዳሌውን መከላከያ እጃችን ሲፈታ እንጨምርበታለን። በአንዴ ካልተሟላ ተብሎ ባዶ አይኬድም።»

«ልባሽ ተራ ብንሄድስ? እዚያ እንዲህ ያለው ርካሽ አይገኝም?»

«ይገኛል። ግን አንዴ የተወደቀበትን ሱሪ ማን ይነግረናል? ከውጭ ታጥቦና ተተኩሶ ውስጡ ገበሩ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። አገላብጠን፣ ስፌቱንና ገበሩን በብርሃን ካላየን አንገዛም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁሉም የወሬ ጨርቅ ነው። ይህ ከዚያ መሻሉን በምን አውቃለሁ?»

ያን ጊዜ እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። ከልብስ ሰፊው የጂንስ ቁራጭ ለመንኩ፤ ባለሱቁም ለደንበኛ የሚያሳየውን ከነገበሩ የተቆረጠ ናሙና ሰጠን። ልጅቷ የጂንሱን ቁራጭ በግማሽ ጡብ ላይ ጠቅልላ ሻካራው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተጭና ጎተተችው። ሁለቴ ሳትመልሰው ተበሳ። ቀጥላ ናሙናውን ጠቀለለች። እየተመላለሰች ጎተተችው፤ የላዩ ጂንስ ተፋቀ፣ ቢጫው ገበር ግን ጸጉር አወጣ እንጂ አልተቀደደም።

ጋሽ ፍሬን የተበሳውን ቁራጭ አነሱ። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ቅድም የነበረው አልነበረም።

«ሲስተር፣ ቁስሉን ያጠቡለት እርስዎ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ። ይህን ለብሶ ቢሆን ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር?»

ሽማግሌው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለምን እንደዚያ እንደተከራከሩ የገባኝ ገና ያን ጊዜ ነው። ሱሪው ያድናል ካሉ የልጁም እግር ሊተርፍ ይችል እንደነበር ማመን ሊኖርባቸው ነው። ልዋሽላቸው እችል ነበር። ነገር ግን አጠገባቸው የቆመችው ልጅ ነገ ሞተር ላይ ትወጣለች።

«አባቴ፣ አጥንት የሚሰብር አወዳደቅ አለ፤ ያን ሱሪ አያቆመውም። የእሱ ግን አጥንቱ ደህና ነበር። የጎዳው ቆዳው ተገፎ መገጣጠሚያው መጋለጡ ነው። እንደ እኔ እምነት ይህን ለብሶ ቢሆን ሰንበርና እብጠት ይዞ ነበር የሚመጣው።»

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ባለሱቁ የሚያደርገው አጥቶ የተደረደሩትን ሄልሜቶች ማስተካከል ጀመረ።

«ለምኖኝ ነበር» አሉ። «እንዲህ ያለ ሱሪ አለ፣ ከያዝነው ገንዘብ ላይ ይገዛልኝ ብሎኝ ነበር። ጓደኞቹ ፊት ሳቅሁበት። ‹ለመውደቅም ልብስ ይቀየራል እንዴ?› አልኩት። በያዝነው ለሞተሩ የሚያብረቀርቅ መስታወት፣ አዲስ የወንበር ልብስና መብራት ገዛንበት። ሞተሩን አልብሰን፣ ነጂውን አራቁተን ላክነው። ከዚያ ወዲህ ዕጣ ፈንታው ነው እያልኩ እተኛለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዛሬ ሱሪ ልመርጥ መጣሁ፤ ያውም እየተከራከርኩ።»

ልጅቷ ላጽናናዎት ብላ አልተጣደፈችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ቁራጩን ከእጃቸው ወሰደች። «እሱም አልተቀየመዎትም፣ እኔም አልከሰስኩዎትም» አለች። «ግን እውነቱን ካልተነጋገርን እኔንም እንደሱ ነው የሚልኩኝ።»

«ልክ ነሽ» አሉ። «ተረታሁ። በይ ንገሪኝ፣ ደግሞ ምን ይታያል?»

ከዚህ በኋላ አጎት ተማሪ፣ ልጅ አስተማሪ ሆኑ። ሱሪ ቆመው ሳይሆን እንደሚነዱት ሆነው ተቀምጠው እንደሚለኩት ነገረቻቸው፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሱሪው ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ቁርጭምጭሚትን እንዲሸፍን ረዘም ማለት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ መከላከያው ዞሮ ከጉልበት ይሸሻል። እሳቸውም ስለ አጣጠቡ ሁሉ ጠየቁ፤ በረኪና እንደማይነካው፣ መከላከያውም ወጥቶ እንደሚታጠብ ነገረቻቸው። የዛገውን ቆርቆሮ ገዙ።

መንገዳችን አንድ ስለነበር እቤታቸው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ወንድምየው በሩ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ስልክ ይጠግናል፤ ያ እግሩ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። አጎትየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በቤታቸው፣ ባሳደጉት ልጅ ፊት።

«የሱሪው ነገር፣ ያኔ የለመንከኝ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ።

ልጁ መፍቻውን አስቀመጠ። «እኔም አብሬዎት ሳቅሁ እኮ ጋሼ። ፈሪ እንዳልባል። ባልስቅ ኖሮ ይገዙልኝ ነበር ይሆናል እያልኩ ስንቴ አስቤዋለሁ።»

ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። እሱ ሱሪውን ተቀብሎ እንደ እህቱ ገለበጠው፣ በጣቱ ስፌቱን ተከተለ። ለብሳው ስትመጣ ሞተር ላይ እንዳለች ሆና ወንበር ላይ አንፈራጣ እንድትቀመጥ አዘዛት፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ዳበሰና፣ «መከላከያው ዝቅ ብሏል፤ ኪሱን በሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ልብስ ሰፊው ይስፋልሽ» አላት። ሳይገዛለት የቀረውን ሱሪ ከማናችንም በላይ ያውቀው ነበር።

አንባቢዬ ሆይ፣ ያለህ ጥቂት ከሆነ የምታወጣበትን ቅደም ተከተል እወቅ። ሄልሜቱን ካደረግህ ጉልበትህንና ዳሌህን አስቀድም፤ ጌጡ ይደርሳል። ስሙንና ሥዕሉን ትተህ ሱሪውን ገልብጠህ እይ። ሙሉው ቢከብድህ መካከለኛውን፣ እሱም ቢከብድህ በሱሪ ውስጥ የሚታሰር የጉልበት መከላከያ ያዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቆስሎ ቤት ተኝቶ የሚባክነው ወር፣ የሚቀረው ደመወዝ፣ የማይታጠፈው ጉልበት ከየትኛውም ሱሪ ይወደዳል። ልጆች ሲለምኑህም ለመሳቅ አትቸኩል፤ ያጠኑትን ነገር ጠይቀህ ስማ።

ልጅቷ ያን ሱሪ ለብሳ ሥራ ጀመረች። ዝናቡ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጎቷ ጋር ቁስል ማሸጊያ ክፍሌ ገባች፤ የፈሰሰ ዘይት ላይ ተንሸራታ ወድቃለች። ደነገጥኩ። የተላጠው ግን መዳፏ ብቻ ነበር፤ ጓንቷን በእርጥበቱ ምክንያት አውልቃው ነበር። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተፍቆ ቢጫው ገበር ይታያል። ሰብስቤ ባየው ጉልበቷ ቀላ ከማለቱ በቀር ጤነኛ ነው።

«ይህ ሱሪ ሥራውን ጨርሷል፤ የተፋቀውን ደግሜ አላምነውም» አለች መዳፏን እያጠብኩላት። «ሌላ እስክገዛ ሞተሩ ይቁም። ለጓንቱም እርስዎ ይቆጡኝ።»

እኔ እየሳቅሁ ቀና ስል ጋሽ ፍሬን አልሳቁም። ከአልጋው ጎን ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ጉልበት በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር፣ እንባቸውም እንደዚያው።

«ይህችን ታህል ነገር ነበረች?» አሉ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። «ይህችን ብቻ?»