በሬዲዮ የመጣው ውሃ

ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ገና ነው፣ መጨረሻ ላይ ነው፤ አቦ አታጣድፉኝ! በእኛ ጊዜ እኮ ሬዲዮ ይናገራል፣ እኛ እንሰማለን፣ በቃ። እኛ ተናግረን አገር ይሰማል ብሎ ማን አስቦት?

ታዲያ የሰፈራችን የፈላና በር የቦኖ ውሃ ከደረቀ ሰነባብቷል። ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ እነዚያ ባለ ፎቆቹ ጋ፣ መኪና ያጥቡበታል፤ እኛ ባዶ ጀሪካን ታቅፈን እንውላለን። እና አንድ ጠዋት የውሃው ኃላፊ ጋዜጠኛ አስከትለው ከች! ለካ ቦቴ ከጓሮ አቁመው በጎማ ከቦኖው ጋር ቀጥለውታል።

ጋዜጠኛዋ ልጅ፣ «እትዬ ዘነበች፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን፤ ‹ውሃ መጣ› ይበሉልን» አለችኝ።

«እንደ ልማዴ?»

«ልክ እንደ ልማድዎ!»

የእኛን ሰፈር ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ውሃ ሲመጣ ቀድማ ያየች ትጮሃለች፣ ዝም ካለች ጎረቤት ያኮርፋታል። እና ማይኩን ነጠቅ አድርጌ፣ «ኧረ ውሃ መጣ! ፈላና በር ውሃ መጣ! ድረሱ!» አልኩላችሁ።

ለካ ጀጎል ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ ኖሯል! ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ትተው፣ ሴቶቹ ድስት እንደጣዱ ጥለው፣ ጀሪካን በጀሪካን ሆነ መንገዱ። ታዲያ ቦቴው ምን ያህል ይችላል? ጠብ፣ ጠብ፣ ጭጭ። ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ጎማውን ይዘው ሲከተሉ፣ ሲከተሉ፣ ቦቴው ጋ ደረሱ።

«ወላሂ ጉድ ነው! ቧንቧው ጎማ እግር አለው እንዴ?»

ጋዜጠኛዋ ታቋርጣለች ስል፣ ጭራሽ ማይኩን ለኃላፊው አስጠጋችላቸው። እሳቸውም ላባቸውን እየጠረጉ፣ «የ... የቴክኒክ ችግር ነው» አሉ።

አዴ ፋጡማ ይለቃሉ? «ችግሩ ፎቅ መውጣት አይችልም? እኛ ጋ ብቻ ነው የሚያድረው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ! ከቦታው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ቆመ። በዚያኑ ቀን ከሰዓት ቦኗችን ፏ አለ፣ እልልታችን ግንቡን ዘለለ፤ እስከ ዛሬም ተራችን አልታለፈም፣ እንደ ባለ ፎቆቹ እኩል!

እና እንዴት ተከፈተ? ኃላፊው ስልካቸውን አውጥተው ለውሃ ከፋቹ ደወሉና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ፤ ልጅቷም ማይኳን ይዛ ከኋላቸው። ሐረር በሙሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ፣ በሹክሹክታ እንዲህ አሉ፦

«ስማ አንተ፣ የእኔን ሰፈር ዝጋና የእነሱን ክፈት። ሚስቴ ከደወለች ደግሞ እኔ እንዳዘዝኩ እንዳትነግራት!»