ማነው አስተዳዳሪ?

(ኮምቦልቻ፣ የአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ፣ ረፋድ ላይ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ደብሪቱ የኮምፒውተር ባለሙያውን ናሁሰናይን በስንት ልመና አስመጥታዋለች።)

ደብሪቱ፦ አስራ ሰባት ልጅ በር ላይ ቆሞብኛል እኮ! የሥራ ምዝገባቸው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ትራንስክሪፕታቸውን ላትም ፕሪንተሩን ስቀይር ይኸው ፓስዎርድ አምጪ ይለኛል።

ናሁሰናይ፦ እትዬ ደብሪቱ፣ ይሄ ኮምፒውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ፕሪንተር ለመቀየር የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ማንም እየተነሳ እንዲነካካው አይደለም የተሠራው።

ደብሪቱ፦ ማንም? አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማንም ሆንኩ?

ናሁሰናይ፦ ለማሽኑ ማለቴ ነው።

ደብሪቱ፦ ማሽኑማ አንተንም አያውቅህም። ቢያውቅህ በየቀኑ ማነህ ይልህ ነበር?

ናሁሰናይ፦ ቀደም ብለው አይጠሩኝም ነበር?

ደብሪቱ፦ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስደውል ነበር! ሳጣህ ማሽኑ ያለኝን አደረግኩ። "አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ" አለኝ፣ ሄጄ አነጋገርኩ።

ናሁሰናይ፦ የትኛውን አስተዳዳሪ?

ደብሪቱ፦ ስንት አለን? አቶ አምደወርቅን ነዋ!

ናሁሰናይ፦ የግቢውን አስተዳዳሪ?! ኪኪኪኪ... በማርያም! ዘበኛና ሾፌር የሚያስተዳድሩትን ሰውዬ? እና ምን አሉ?

ደብሪቱ፦ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ስማቸውን ጻፉ፣ እምቢ። ከነአባታቸው ጻፉ፣ እምቢ። ማህተም አስመጡ።

ናሁሰናይ፦ ማህተም! ስክሪኑ ላይ ሊመቱ? ወይኔ! ይሄንንማ ለቢሮዬ ልጆች ሳልነግር አላድርም።

ደብሪቱ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። ከዛ "በዚህ ግቢ ከኔ ሌላ አስተዳዳሪ ነኝ ያለው ማነው?" አሉ። ስምህን ነገርኳቸው።

ናሁሰናይ፦ ...የኔን ስም?

ደብሪቱ፦ ከነአባትህ። ደብዳቤ እያስጻፉልህ ነው።

ናሁሰናይ፦ ኧረ እትዬ! የኮምፒውተር ቃል እኮ ነው!

ደብሪቱ፦ ሂድና ለሳቸው አስረዳቸው። ወይ ደግሞ የፕሪንተሩን ፈቃድ ለኔ ስጥ፣ እኔ አበርድልሃለሁ።

ናሁሰናይ፦ እንዲህ በቀላሉ አይሰጥማ! በኮድ ነው የሚጻፈው፣ አንዲት ምልክት ከተሳሳተች ሁሉ ነገር...

ደብሪቱ፦ እሱ ድሮ ነው። ካለፈው የኮምፒውተሩ ማሻሻያ ወዲህ ስክሪኑ ላይ መስኮት መጥቶለታል። ይኸው! "ለማን ምን ይፈቀድ" ይላል፣ በአማርኛ። ፕሪንተር የሚለው ጋ ስሜን መርጦ ምልክት ማድረግ ነው። እኔ ጸሐፊዋ ያገኘሁትን አንተ ባለሙያው አላየኸውም?

ናሁሰናይ፦ አይቼዋለሁ። ለጀማሪ ነው ብዬ ንቄው ነው እንጂ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ልክህ ነው። ቁጭ በልና ፓስዎርድህን ጻፍ።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ ፊትዎን ያዙሩ። ...ገባ። ለዛሬ ብቻ ልበለው?

ደብሪቱ፦ "ሁልጊዜ" የሚለውን። ከሥሩ ያለውን። አዎ፣ እሱን።

ናሁሰናይ፦ ነገ ሲያበላሹት ግን እንዳይጠሩኝ!

ደብሪቱ፦ ስጠራህስ መቼ መጥተህ ታውቃለህ? ተነስ ከወንበሬ፣ ልጆቹን ላስገባ።