ስንጥቁን ማን አጠፋው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለ ኬኩም ፕሬዝል ስለሚባለው ጥምዝ ዳቦም እግዜር ይስጥልኝ። የጡረታ መሸኛ ድግሴን የፈቀዱልንን ኃላፊያችንን ሚስተር ዊትመርንም አመሰግናለሁ። ወደ ፊት ወንበር ይምጡልኝ፤ ዛሬ በቅርብ ላያቸው እፈልጋለሁ።

እዚህ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም መታሁ። ባሌ የማይከራከረኝ ይህን ክንዴን አይቶ ነው።

የከተማችንን የነጻነት ደወል የመታሰቢያ ፖስታ ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሥዕሉን የሠራው የእኛው ቬርኖን ነበር፤ ደወሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይቀር አሳምሮ ሣለው። ሚስተር ዊትመር አዩትና፣

«ይሄ ስንጥቅ ይጥፋ። ለበዓል የተሰነጠቀ ነገር አይላክም» አሉ።

«ጌታዬ፣ ሰው ደወሉን የሚያውቀው በስንጥቁ ነው እኮ» አለ ቬርኖን።

«እዚህ አለቃው ማነው?»

ጠፋ። አምስት ሺህ ፖስታ ታትሞ ተሸጠ፤ ከተማው ፊላደልፊያ በሙሉ ሳቀብን። ዓሣ ሻጬ እንኳ «ደወሉን ጠገናችሁት አሉ፤ የኔንም መኪና እዩልኝ» አለኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ጉዳዩን ሊያጣሩ ሲመጡ ሚስተር ዊትመር ምን አሉ? «ቬርኖን ረስቶት ነው።» ቬርኖን ምድር ቤት ወርዶ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ጥቅል ሲያነሳ ኖረ።

ሚስተር ዊትመር ግን ትእዛዛቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ጽፈው ፈርመው ነበር። ስንጥቁ በጠፋበት ቀን «ቅደጂና ጣይው» ብለው ሰጡኝ። አልቀደድኩትም። ያኔውኑ አሸግሁት፤ ቴምብር ለጥፌ፣ ማኅተም መትቼ ለራሴ ላክሁት። ይኸው በእጄ ነው። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ይነበባል፤ እስካሁን አልተከፈተም።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ትሉኛላችሁ። ጡረታዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ቬርኖን፣ ለዚህ ይቅር በለኝ። ለሚስተር ዊትመር ግን ይቅርታ የለኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ቆሜ ያየሁት እንኳ አልረሳሁም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችሁ እንግዶች፣ የጠራኋችሁ እኔ ነኝ። እባካችሁ ኬኩን አስቀምጡና ወደዚህ ቀረብ በሉ።

ባልደረቦቼ፣ ጤናችሁ አይጓደል። የላካችሁት ይድረስ፣ የጠበቃችሁት ይምጣ። ለሚስተር ዊትመርም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ በደወሉ በኩል ባለፉ ቁጥር ስንጥቁን ቆመው ይዩት።

ቬርኖን፣ ና። አንተ ክፈተው፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ።