የፊታውራሪው ማኅተምና የዘሃራ ቃል

በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አቶ አብተው በአዳማ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ ሲያልፉ የሟች ወንድማቸውን ልጅ አስፋውን ከእህል ነጋዴዋ ከዘሃራ ደጅ ቆሞ አገኙት። «እትዬ ዘሃራ፣ ያዩትን ብቻ ይመስክሩልኝ» ሲላት ሰሙና ክው አሉ። አንድ ከውጭ አገር የመጣ ቆዳ ነጋዴ ለመጋዘኑ ጸሐፊ ፈልጎ «ሁለት ምስክር ይዘህ ና» ብሎታል። ይህ ሥራ ካመለጠው እናቱን ይዞ ወደ ደራ ገጠር ወርዶ የሰው መሬት ሊያርስ ነው።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል? በግ አስጎትቼ ሄጄ የፊታውራሪ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጥቼልህ ሳለ የስንዴ ሻጭ ደጅ ትጠናለህ?»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ፊታውራሪ እኔን የት ያውቁኛል?»

«አባትህን ከጦር ሜዳ ጀምሮ ያውቃሉ!»

«ነጋዴው የሚቀጥረው አባቴን አይደለም።»

አቶ አብተው እንዲህ ያለ መልስ ከቤታቸው ልጅ አፍ ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም። ከጋቢያቸው እጥፋት ደብዳቤውን መዥረጥ አድርገው «እስቲ አንብበውና እፈር!» አሉት። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ ማኅተሙን እንጂ ቃሉን አያውቁትም ነበር።

አስፋው አነበበ፤ «ይህ ልጅ የጀግና ዘር ነው። ተኩሶ አይስትም። የበላይ ቢቆጣው መልስ አያጣም፤ ፈረንጅም ቢሆን አይፈራም።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ከእጁ ነጠቁት። «ጉድ ፈላ! ጌታህን ልትገድል የምትመጣ አስመሰሉህ እኮ!»

«ክፉ አላሰቡም። ሥራዬን ስላላዩ እሳቸው ዘንድ የሚያስመሰግነውን ጻፉልኝ።»

«እንግዲያው እኔው ልመስክርልህ!»

«እርስዎማ ይወዱኛል፤ ነጋዴው የጠየቀው ግን ሥራዬን ያየ ሰው ነው። አንዱ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው፤ ፈቃዳቸውን አስቀድሜ ጠይቄአለሁ። ሁለተኛዋ እትዬ ዘሃራ እንዲሆኑልኝ ነው የምለምናቸው።»

ዘሃራ ከጆንያዎቿ መካከል ብቅ አለች። «ኦቦ አብተው፣ ሁለት ዓመት እህሌን መዝግቧል፤ እመሰክርለታለሁ። አንድ ክረምት መጋዘኑን ሳይዘጋ ሄዶ ስድስት ጆንያ ስንዴ ዘንቦበታል። ይህንንም እናገራለሁ።»

«ገደልሽው በይኛ!»

«ይቆዩ እንጂ! ማንም ሳያየው ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አደረቀው። ጥፋቱን ብደብቅ ይህን ማን ያምነኛል?»

አቶ አብተው ደብዳቤውን አጥፈው ወደ ጋቢያቸው መለሱት። ስንቱ ብርቱ ልጅ በማያውቀው ጌታ ማኅተም ተማምኖ ከደጅ ተመልሶ ይሆን!

ነጋዴው የመምህሩን ቃል ከተቀበለ በኋላ ዘሃራን አስጠርቶ የስንዴውን ነገር ሲሰማ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም፤ አስፋውም ሰኞ ሥራ ገባ። በሳምንቱ ጎረቤታቸው መርዳሳ አቶ አብተው ዘንድ መጣ።

«ልጄን ክርስትና ሲነሣ ጀምሮ ያውቁታል፤ ለሥራ ይመስክሩለት።»

«አልመሰክርም» አሉ አቶ አብተው። «እወደዋለሁ፤ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም። ሥራውን ያየ ሰው ቢናገርለት ቀጣሪው አምኖ ይወስደዋል፣ ልጁም ከማይችለው ሥራ አይገባም፣ መስካሪውም አያፍርም። ና፣ ያየውን ሰው አብረን እንፈልግለት።»

«ታዲያ ከማን ደጅ እንጀምር?» አለ መርዳሳ፣ በሩን እየከፈተላቸው።